የአወቱ ዳር እሬቶች

አባቴ ስለ ሥራዬ ሲጠየቅ "ልጄ መሐንዲስ ናት" ይልና ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የአበባ" ብሎ ይጨምራል። አልፈርድበትም። ጅማ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ እዚያው ሥራ ይዤ ስቀር አከራዬ ስለ ሙያዬ የገባቸው ነገር ቢኖር የጓሯቸውን ሳር በነፃ እንደማጭድላቸው ብቻ ነበር። ላንድስኬፕ አርክቴክት ምን እንደሚሠራ ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ "ታዲያ ማጭዱ የራስሽ ነው ወይስ እኔ ላምጣ?" አሉኝ።

ሥራዬ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሰው በየት በኩል እንደሚሄድ፣ የት ቆም እንደሚል፣ የት ጥላ እንደሚያገኝ፣ የዝናቡ ውሃ በየት እንደሚወርድ አስቀድሞ አስቦ መሬቱን ለዚያ ማዘጋጀት። ሕንፃ የሚሠሩ ጓደኞቼ ሥራቸው ሲያልቅ ቆሞ ይታያል። የእኔ ሲያልቅ የሚታየው ዛፍ ነው፤ ሰውም ዛፉን አይቶ ፈጣሪን ያመሰግናል። ቁጡ ስለሆንኩ ይህ ነገር ሲያናድደኝ ኖሯል። ያ ዛፍ እዚያ ቦታ ላይ እንዲቆም ስንት ስብሰባ ላይ ስጨቃጨቅ እንደዋልኩ ማን ይነግራቸዋል?

አሁን የምጽፈው ግን ስለ ንዴቴ አይደለም። እዚህ ሙያ ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ክረምት የደነገጥኩበት ጊዜ የለም። ድንጋጤው እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

ሥራው በአወቱ ወንዝ ዳር የሚሠራ የእግረኛ መንገድ ነበር። ንድፉ እኔ ለምሠራበት ትንሽ የግል ቢሮ ደረሰ፤ ቢሮው ደግሞ ለእኔ ሰጠኝ። ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ከዳገት ጋር ይገናኛል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከዚያ ዳገት አፈር እየታጠበ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ዳገቱን ድንጋይ አልብሼ በድንጋዮቹ መሀል እሬት ለመትከል አሰብኩ። እሬት አስቸጋሪ ተክል አይደለም፤ አጠጡኝ፣ አርሙኝ አይልም፣ አፈር ይይዛል። በጅማ ዝናብ እንዳይበሰብስም ውሃው በድንጋዩ ሥር ተንሸራቶ የሚወርድበትን መንገድ ሠራሁለት። ሲያብብ ያ ብርቱካናማ አበባ ከወንዙ ማዶ ሆኖ ሲታይ ገና በወረቀት ላይ እያለ ታየኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በራሴ ኮርቼ ነበር።

አለቃዬም ንድፉን ወደደው። ወደደውና እንዲህ አለኝ፦

"ችግኝ እንዳታመጪብኝ። በምረቃው ቀን ሰው ማየት ያለበት ያደገ ነገር ነው።"

ዘንድሮ ከተማው ሁሉ በአንድ ቀን ማደግ ይፈልጋል። ትናንት ጭቃ የነበረው ቦታ ጠዋት ሳር ለብሶ ይገኛል፤ ዘንባባው ደግሞ ከነቁመቱ በመኪና ተጭኖ ይመጣል። ተክል ጊዜ ይፈልጋል ብዬ ተከራከርኩ። "እሱን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ንገሪያቸው" አለኝ። እናም በመጫረቻ ወረቀቱ ላይ "ቁመቱ ጉልበት የሚደርስ፣ አበባ ያወጣ" ብዬ ጻፍኩ።

እንደዚያ ያለ እሬት ግን ከየት ይምጣ? ጅማ ያሉትን ችግኝ ጣቢያዎች ዞርኳቸው፤ በአጋሮ በኩል ያሉትንም አየሁ። በዚህ አገር ችግኝ ሲባል የቡና ችግኝ ነው። እሬት ስላቸው ከኋላ በኩል ወስደው ጣት የሚያህል ነገር በፕላስቲክ ያሳዩኛል። አንደኛው ሠራተኛማ አዘነልኝ መሰለኝ "እህቴ፣ ቡና ውሰጂ፣ ቡና ይሻልሻል" አለኝ።

በመጨረሻ አንድ አቅራቢ ተገኘ። ወጣት ነው፣ ሳቂታ፣ ስልኩ ከጆሮው የማይለይ፣ ከሌላ አገር መጥቶ ጅማ ብዙ ያልቆየ። "አቦ ችግር የለም፣ አገኛለሁ" አለ። እኔ አላመንኩትም። በሳምንቱ ግን አንድ አይሱዙ ሙሉ እሬት ይዞ ከተፍ አለ።

ያን ቀን እንደ ልጅ ፈነጠዝኩ። እንደዚያ ያሉ እሬቶች አይቼ አላውቅም። ቅጠላቸው የወፈረ፣ ግንዳቸው የጠነከረ፣ ሥራቸው ከነአፈሩ በጥንቃቄ የወጣ። አንዳንዶቹ ከጎናቸው ትናንሽ ቀንበጦች አውጥተዋል።

"ከየት አመጣሃቸው?" አልኩት።

"ወደ ደዶ መውጫ በኩል ነው። ከሰው።"

ከሰው ሲል ከሰው ጓሮ መሰለኝ። ደዶ ገበሬ አገር ነው፤ የሰው አጥር ሥር ያላደገ ነገር የለም። ምንም አልጠረጠርኩም።

ተከላውን ለማሠራት የቀን ሠራተኛ ሴቶች ነበሩን፤ አብዛኞቹ የዚያው የጅማ ልጆች ናቸው። ጎበዞች ነበሩ፤ ድንጋይ ሲደረድሩም ሳር ሲያነጥፉም እኔ ድምፄን ከፍ ማድረግ ያላስፈለገኝ ሠራተኞች እነሱ ብቻ ናቸው። የእሬቱ ቀን ግን ሁሉም ነገር ተበላሸ። አንዷ ወገቤን አለች፣ ሌላዋ ሽንት ቤት ሄዳ ቀረች። ከሁሉም የምትቀርበኝ፣ ሻሽዋን ጠምጥማ እየዘፈነች የምትሠራው ሴትዮ መጥታ "ማሎ፣ እባክሽ፣ እኔን ሳሩ ላይ አድርጊኝ" አለችኝ።

"ለምን?"

"እጄን ይበላኛል።"

"እሬት የማንን እጅ በልቶ ያውቃል? እጅ የሚበላው ሰው እንኳ የሚታከመው በእሬት ነው!" ብዬ ጮህኩባት። ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን እሬት በሁለት እጇ አነሣች፤ ስታነሣው ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። እየተሳደበች ነው ብዬ ደመደምኩ።

ተተከለ። አማረ። እኔ በምፈልገው ዓይነት፣ እዚህ ሰብሰብ፣ እዚያ ራቅ ብሎ፣ ማንም እጅ ያልነካው እስኪመስል። ፎቶ አንስቼ ለአባቴ ላክሁለት።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ምረቃው እየቀረበ፣ አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ዳገቱን እየዞርኩ የተፈነቀለ ድንጋይ ካለ አያለሁ። ከጁምዓ ሶላት የሚመለሱ ሰዎች በአዲሱ መንገድ ያልፋሉ። ደስ እያላቸው ነው የሚያልፉት፤ እኔም ጆሮዬን ቀስሬ ምን እንደሚሉ አዳምጣለሁ። ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ከሰዎቹ ወደኋላ ቀሩና ከአንዲት እሬት ፊት ቆሙ። ቆዩ። ምስጋና ሊመጣልኝ ነው ብዬ ጠጋ አልኩ።

"ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ፣ "ይቺን ሐርጊሳ ማን አመጣት?" እሬትን በኦሮምኛ የሚጠሩበት ስም ነው።

"እኛ ነን አባባ። ቆንጆ ናት አይደል?"

"ቆንጆ ናት" አሉ። "የባለቤቴ ናት።"

አልገባኝም። "ከጓሮዎ ተወሰደችብዎት እንዴ?"

"ከመቃብሯ ላይ።"

ክው አልኩ። ሰው ክው ሲል በእውነት ጆሮው አይሰማም፤ የወንዙ ድምፅ ጠፋብኝ። ሽማግሌው በዝግታ ጎንበስ አሉና የታችኛውን ቅጠል ገለጥ አድርገው ግንዷ ላይ የታሰረች ቁራጭ ገበር አሳዩኝ። ቀለሟ ለቋል፤ ቋጠሮው ግን የልብስ ሰፊ ቋጠሮ ነው።

"እዚህ አወቱ መንደራ ሰፈር ነው ሱቄ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስትተከል ወደ አንድ ጎን ስታዘነብልብኝ ጊዜ ከተረፈ ኮት ገበር ቀድጄ ነው ያሰርኳት። ሌላ ሰው እንዲህ አያስርም።"

ከዚያ ቀና ብዬ ዳገቱን አየሁት። እሱን ማየት ነው የገደለኝ። እዚህ ሰብሰብ፣ እዚያ ራቅ ያደረግኳቸው በሙሉ፣ ለዓይን እንዲስማሙ ብዬ ቦታ ያቀያየርኳቸው በሙሉ፣ የሰው ነበሩ። አንዱን ከአንዱ ጋር ያጣመርኩት አበባቸው ስለተመሳሰለ ነው። እናትና ልጅ ለያይቼ ይሆን? የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ላይ አድርጌ ይሆን? ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው ለእኔ አዘኑና እሳቸውም ከጎኔ ተቀመጡ።

"እኛ መቃብር ላይ ስም አንጽፍም" አሉኝ፣ ልክ ልጅ እንደሚያስተምሩ። "ሐውልት የለም። እርጥብ ነገር እንተክላለን። እርጥብ ሆኖ እስካለ ድረስ ለሞተው ሰው ያቀልለታል፣ ኢንሻአላህ።"

"አባቴ፣ አላወቅኩም። ወላሂ አላወቅኩም።" እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ወላሂ ማለቴ የገባኝ በኋላ ነው።

"አውቃለሁ እንዳላወቅሽ። ቁጣም የለኝም። ተክሏ የአላህ ናት፣ የትም ትብቀል። እኔ የጨነቀኝ ሌላ ነው።" ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። "ክረምቱን ጉልበቴን አሞኝ ሳልሄድ ቀረሁ። እሷ የት እንዳለች የማውቀው በዚች ነበር። ይቺ እዚህ ካለች፣ እሷ የት ናት?"

አቅራቢው ጋ ደወልኩ። በባጃጅ እየበረረ መጣ። ሽማግሌው እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ ያለ ሐፍረት ፊት ለፊታቸው ተናገረ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ መዋሸት እንኳ አለመሞከሩ ነው።

"አዎ፣ ከመቃብሩ ነው። አንቺ እኮ ያደገ አልሽ! ሰው ስለማይነካው እኮ ነው እዚያ ያደገው። ጠባቂውን ለልማት ነው አልኩት፣ ዝም አለ።"

"ዝም አለ!"

"ደግሞ ጉድጓዱን ክፍት አልተውኩም። ሰው እግሩ ገብቶ እንዳይሰበር ሁሉንም ሞልቼ፣ ደልድዬ ነው የመጣሁት።" ይህን ያለው ሊያጽናናን ነው። ልቡ ክፉ አይደለም፤ ይህ ነው የሚያሳብደው። ጉድጓዶቹን ክፍት ቢተዋቸው ኖሮ ሽማግሌው የባለቤታቸውን ቦታ በጉድጓዱ ይለዩት ነበር። ሽማግሌውን ተመለከተና ድምፁ ዝቅ አለ። "አባባ፣ እኛ አገር መቃብር ድንጋይ አለው፣ ስም አለው። እዚያ ግን ምንም አላየሁም። ሜዳ መሰለኝ።"

እኔም እዚያ ብሄድ ሜዳ ብዬ ነበር በንድፌ ላይ የምጽፈው።

ከታች መንገዱ ዳር ሳር ታነጥፍ የነበረችው፣ ሻሽ የጠመጠመችው ሴትዮ ሥራዋን ትታ መጥታ ትሰማን ነበር። ወደሷ ዞርኩ።

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

"ሁላችንም እናውቅ ነበር" አለች። "ሐርጊሳ እንደዚህ አድጎ የሚገኘው የት ነው? ስናነሣቸው ለያንዳንዱ ዱአ አድርገናል።"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

በእውነት ተገርማ አየችኝ። "የተማርሽ አይደለሽ? እያወቅሽ መስሎን።"

የከንፈሯ መንቀሳቀስ ለካ ዱአ ነበር። እነሱ የተማረ ሰው መቃብር ያፈርሳል ብለው አምነው፣ እያዘኑ፣ ዝም ብለው ሠርተዋል። ከአቅራቢው ድፍረት ይልቅ ይህ አንጀቴን በላው።

አለቃዬ ጋ ስደውል "ከምረቃው በኋላ እናየዋለን" አለኝ።

"ሰዎች ናቸው እኮ!"

"እሬት ነው" አለ።

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። የቀሩትን እሬቶች ምን እንዳደረግናቸው እዚህ ላይ ልናገርና ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ሴቶቹ ወሬውን በየሰፈሩ አደረሱት፤ ከበቾ ቦሬም ከሌላም ሰፈር ሰዎች እየመጡ በዳገቱ ላይ ጎንበስ ቀና እያሉ የየራሳቸውን ፈለጉ። አንዳንዱ እንዳየ ያውቃል፤ አንዳንዱ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲመላለስ ይውልና ባዶ እጁን ይሄዳል። ማንም ያልመጣላቸውን እኛው መልሰን ወስደን መቃብሩ ውስጥ ተከልናቸው፤ በየትኛው ላይ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። መንገዱ ሲመረቅ ዳገቱ ባዶ ድንጋይ ነበር። አለቃዬ ለእንግዶቹ "ዘመናዊ የድንጋይ ሥራ" ብሎ አስረዳቸው አሉ። እኔ አልተገኘሁም። ሰው ሲያጨበጭብ እዚያ መቆም አልቻልኩም።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። በማግስቱ ጠዋት እሬቷን ከነአፈሯ አውጥቼ በማዳበሪያ ጠቅልዬ፣ ሽማግሌውን ባጃጅ ውስጥ አስገብቼ ወደ መቃብሩ ሄድን። ሜትር ይዣለሁ፣ ችካል ይዣለሁ፣ አፈር ምን ያህል እንደጠበቀ የምሞክርበትን ቀጭን ብረትም ይዣለሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቼ ሳስብ ያደርኩት እሱን ነው። ተቆፍሮ የተሞላ አፈር ላላ ይላል፤ ብረቱ በቀላሉ ይገባል፤ አገኝላቸዋለሁ። መቼም የተማርኩት ለዚህ ካልሆነ ለምን ነው?

መቃብሩ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ያለ ሰፊ ቦታ ነው። ዳር ላይ ትልቅ ሰሳ ዛፍ ቆሟል፤ በቡና እርሻዎቹ ውስጥ ለጥላ የሚተውት ዓይነት። ሌላው ሳር ነው። የጅማ ክረምት አንድ ወር ከተሰጠው የማይሸፍነው ነገር የለም። አፈሩ በተደለደለበት ሁሉ ሳርና አረም ወጥቶ አረንጓዴ ሆኗል፤ በአንድ ወገን ብቻ ያልተነኩ ጥቂት እሬቶች ይታያሉ።

ሽማግሌው ከበሩ ሲገቡ ለሙታኑ ሰላምታ አቀረቡ፤ ከዚያ እንደለመዱት ቀጥ ብለው መሄድ ጀመሩ። እግራቸው መንገዱን ያውቀዋል። ሄዱ፣ ሄዱ፣ ድንገት ቆሙ። ወደ ቀኝ አዩ። ጥቂት ወደኋላ ተመለሱ። ምርኩዛቸውን አነሡና የት እንደሚያሳርፉት ቸገራቸው፤ ሰው ላይ እንዳያሳርፉት ፈርተው ነው። ሚስታቸው ዘንድ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው የሚቆሙበት አጡ። እኔ ሰው የት እንደሚቆም ማሰብ እንጀራዬ ነው፤ እንደዚያ ያለ ነገር ግን አይቼ አላውቅም። ፊቴን አዙሬ ዕቃዬን መፍታት ጀመርኩ።

ብረቱን አወጣሁና ሣሩ ትንሽ ጎርበጥ ያለበት ቦታ ላይ አቆምኩት። ልጫነው ስል፦

"አትውጊያቸው!"

እንደዚያ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። እጄ በአየር ላይ ቀረ። "አትውጊያቸው፣ ልጄ" አሉ መልሰው፣ አሁን በልመና። ብረቱን እንደ እባብ ወረወርኩት። ምን ላደርግ ነበር? በክብር የተኙ ሰዎችን በብረት ልወጋ! ዛሬም ያን ብረት ሥራ ላይ ስይዘው እጄ ያመነታል።

ተንበርክኬ በእጄ መፈለግ ጀመርኩ። የተነካካ አፈር ላይ መጀመሪያ የሚበቅለው ሳር አይደለም፤ ቅጠሉ ሰፋ ያለ አረም ነው። ያልተነካው ግን ሥሩ የተያያዘ የቆየ ሳር አለው። እንደዚያ እያልኩ የተቆፈሩትን ቦታዎች አንድ በአንድ ለየሁ። ብዙ ናቸው። በጣም ብዙ ናቸው። ችካል መትከልም አፈርኩ፤ ትናንሽ ጠጠሮች እያስቀመጥኩ ሄድኩ።

ከዚያ እሬቷን ከማዳበሪያው አውጥቼ አገላብጬ አየኋት። በአንድ ጎን ያሉት ቅጠሎች ፀሐይ መትቷቸው ቀላ ብለዋል፤ የሌላው ጎን አረንጓዴ ነው። ግማሽ ቀን ጥላ ያገኘች ተክል ናት ማለት ነው።

"አባቴ፣ የዛፉ ጥላ እሷ ጋ ይደርስ ነበር?"

ዓይናቸው በራ። "ኤዬ፣ አዎ! ከሰዓት በኋላ ይደርስ ነበር። እግሯ ሥር ቆሜ ለአስር ሶላት ልመለስ ስል ጥላው እሬቷ ላይ ነው።"

የዛፉ ጥላ ከሰዓት በኋላ በሚደርስበት ጠርዝ ላይ ያሉት ጠጠሮቼ ሁለት ብቻ ነበሩ። ጎን ለጎን፣ በአንድ ሰው ቁመት የሚራራቁ። ባለቤታቸው ከሁለቱ በአንዷ ሥር ናት። ደስታዬ ሊያስጮኸኝ ደረሰ፤ ግን ከዚያ በላይ የምለይበት ነገር የለኝም። አፈሩን አሸተትኩት፣ ዳሰስኩት፣ ከሥሯ ላይ ካለው ጋር አስተያየሁት። አንድ ነው። ሽማግሌው በግራ በኩል ባለችው ጠጠር አጠገብ ቆሙ፣ በቀኟም ቆሙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ልቤ ወደ ግራዋ ያደላል" አሉ። "ልብ ደግሞ ይሳሳታል።"

መሀል ላይ እንትከላት ልል ነበር፤ መሀሉ ግን የማንም አይደለም። ያኔ ነው ከግንዷ ሥር የወጣችውን ቀንበጥ ያየኋት። ሥር ይዛለች፤ ለብቻዋ ብትተከል ትበቅላለች። ነገርኳቸው፦ አንዷን እዚህ፣ አንዷን እዚያ መትከል እንችላለን፤ ባለቤትዎ ያለ ተክል አትቀርም። "አልሐምዱሊላህ" አሉና ሁለት ጊዜ ራሴን ዳበሱኝ። ቀንበጧን በጥንቃቄ ለየኋት። አንድ ጣት ያህል ናት፤ ገና ብዙ ዓመት ይቀራታል፤ ከዝናቡም ከከብቱም ለመትረፏ ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም። ትልቋ ግን ጠንካራ ናት፤ የሚገድላት የለም።

በግራ በኩል ተንበርክኬ ለትልቋ ጉድጓዱን ልጀምር ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

"ትልቋን ለዚያኛው" አሉ፣ ቀኙን እያሳዩኝ።

የተሳሳቱ መሰለኝ። "አባቴ፣ ልብዎ ወደ ግራዋ ነው አላሉኝም?"

"ነው እንጂ።"

"እና ትንሿ ብትደርቅስ?"

"እሷ እኔ አለሁላት" አሉ። "ያኛው ግን ማን እንዳለው በምን አውቃለሁ?"

ደንግጬ ቀና ብዬ አየኋቸው። ለማማር ብለው የተናገሩት አይደለም፤ ገበያ ውስጥ ለሰው መንገድ እንደሚለቁ ዓይነት ነው ያሉት። እንባዬ መጣና አልከለከልኩትም። ትልቋን በቀኝ ተከልኩ። ትንሿን እሳቸው በገዛ እጃቸው በግራ ተከሏት፤ አፈሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉላት። ደግፌ ሳነሣቸው ጉልበታቸው ላይ ያለውን ጭቃ ሳይጠርጉ መዳፋቸውን ለዱአ ከፈቱ፤ መጀመሪያ ፊታቸውን ያዞሩትም ወደ ቀኙ ነበር።